ልጃችሁን ከክፍል ወደ ሥራ የምታሻግሩበት መንገድ

የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ የሚጎዳው ራሱን ነው። ነጥቡ ይቀንሳል፣ መምህሩ ይቆጣዋል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሥራ ላይ እንዲህ አይደለም። አንዱ ሲያረፍድ ፈረቃውን የጨረሰው ሌላው ቤቱ መግባት አቅቶት ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ መልእክት ማስተላለፍ ሲረሳ ደንበኛ በከንቱ ይመላለሳል።

ልጆች ሥራ ሲጀምሩ ግራ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት አዳዲስ ጀማሪዎችን ሥራ የማስለመድ ኃላፊነት ነበረብኝ። ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ስልክ ሲጠራ አንስቶ ሁለት ቃል መናገር ሲያቅተው አይቻለሁ። ታናናሾቿን እየተንከባከበች ያደገች መካከለኛ ተማሪ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ሰው የሚተማመንባት ሆና አይቻለሁ። ልጁ ከእሷ ያነሰ ጭንቅላት አልነበረውም። እሷ ግን ሰው እየጠበቀኝ ነው ብላ ማሰብ ከልጅነቷ ለምዳለች።

ስለዚህ ይህ መመሪያ በሲቪ አይጀምርም። ለወላጆች፣ ለአሳዳጊዎችና ለመምህራን ነው የጻፍኩት። ልጁ 14 ዓመት ገደማ ሲሆን ጀምራችሁ እስከ 18 ድረስ ቀስ እያላችሁ ብትሄዱበት ጥሩ ነው። ልጃችሁ 17 ሞልቶት ከሆነም አትደናገጡ። ደረጃዎቹን አቀራርቦ መሥራት ይቻላል።

1. ሰው የሚጠብቀው ኃላፊነት ስጡት

«ክፍልህን አጽዳ» ጥሩ ልማድ ነው፤ ለሥራ ግን ብዙም አያዘጋጅም። ክፍሉ ባይጸዳ የሚቸገር ሰው የለም። የምትሰጡት ኃላፊነት ሦስት ነገር ያሟላ፦ ውጤቱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይኑር፣ ቁርጥ ያለ ሰዓት ወይም ቀን ይኑረው፣ እናንተ ደግሞ አታስታውሱት። ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት ማምጣት ይሆናል። የቤቱን የመብራትና የውሃ ክፍያ ቀኑ ሳያልፍ መክፈል ይሆናል። የአያቱ መድኃኒት ከማለቁ በፊት ማስመጣት ግን ገና ለጀማሪ ከባድ ነው፤ የሰው ጤና መለማመጃ አይሆንም።

ከሦስቱ መስፈርቶች የሚከብደው የመጨረሻው፣ አለማስታወሳችሁ ነው። አፋችሁን ይበላችኋል። «ሰዓቱ ደርሷል እኮ» ማለት ትፈልጋላችሁ። ካላችሁት ግን ኃላፊነቱ ተመልሶ የእናንተ ሆነ፤ ልጁ የተማረው ትእዛዝ መጠበቅን ብቻ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልመጣ በቀር ተዉት። ይርሳ። ክፍያው ይለፈው፤ ቅጣቱን ሄዶ ይክፈል።

ሲረሳ አትገሥጹት። ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ማን ተቸገረ? ለዚያ ሰው ምን ብለህ ነገርከው? በሚቀጥለው ጊዜ ምን ትለውጣለህ? ለሦስተኛው ጥያቄ «እጠነቀቃለሁ» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። «ስልኬ ላይ በዋዜማው ማንቂያ እሞላለሁ» መልስ ነው። ሥራ ቦታም አለቃው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ይህ በቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ከሄደ በኋላ ከቤት አውጡት። ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። እናት ይቅር ትላለች፣ አባት ይሸፍናል። የማያውቀው ሰው ግን የሚያየው ሥራውን ብቻ ነው። ትናንሽ ልጆችን ኳስ ማለማመድ፣ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት በሳምንት አንድ ቀን ማገዝ፣ የክበብ ገንዘብ ያዥ መሆን፣ የጎረቤት ልጅን ሒሳብ ማስጠናት፤ የትኛውም ይሆናል። ክፍያ ባይኖረውም ግድ የለም። የሚጠብቀው ሰው የሥጋ ዘመዱ አይሁን እንጂ።

2. የሥራ ዓይነት አብዙለት

አብዛኞቹ ልጆች በስም የሚያውቁት ጥቂት ሥራ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። በ41 አገሮች ያሉ የ15 ዓመት ልጆች 30 ዓመት ሲሞላቸው ምን ሠርተው መኖር እንደሚጠብቁ ተጠይቀው ነበር። ከወንዶቹ 47 በመቶ፣ ከሴቶቹ 53 በመቶ የሚሆኑት የጠሩት ከ10 ታዋቂ ሥራዎች አንዱን ነው። ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ የመሳሰሉትን። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ያላዩትን ሊመኙ አይችሉም።

አንድ ቀላል ልምምድ አለ። ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ አንዱን ይምረጥ፤ የስልክ ቻርጀር ይሁን። እዚህ ክፍል እስኪደርስ ስንት ሰው እንደሠራበት ይዘርዝር። የነደፈው አለ። ፕላስቲኩን በሻጋታ ያፈሰሰው አለ። ኤሌክትሪኩ ሰው እንዳይጎዳ የፈተሸው፣ ማሸጊያውን የሣለው፣ መመሪያውን የተረጎመው፣ የጫነው፣ ጉምሩክ ላይ ወረቀቱን የጨረሰው፣ መጋዘን ውስጥ የቆጠረው፣ ሒሳቡን የያዘው፣ የሸጠው። ከሃያ በላይ ሙያ በቀላሉ ይወጣል። ከዚያ «ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን አንድ ቀን ቆመህ ማየት ትፈልጋለህ?» በሉት።

ቀጥሎ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ያውራ። በወር አንድ ሰው፣ ለስድስት ወር። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «ሥራዎን ይወዱታል?» የሚለው ጥያቄ ከጨዋነት መልስ ውጭ ምንም አያስገኝም። ይልቅ እነዚህን ይዞ ይሂድ፦

«ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ዋሉ?»
«ከሥራው በጣም የሚሰለችዎት ምኑ ነው?»
«ይህን ሥራ እንዴት አገኙት?»
«አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሳሳተው ምን ላይ ነው?»

የመጨረሻውን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ሰዎች ስለ ሥራቸው እውነቱን የሚናገሩት ያኔ ነው።

ልጁ «ምን እንደምፈልግ አላውቅም» ካለ አታስጨንቁት። ጆን ሆላንድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያዳበረው አከፋፈል ለመነሻ ይረዳል። የሥራ ዝንባሌን በስድስት ይከፍለዋል፦ በእጅና በመሣሪያ መሥራት፣ መመርመር፣ መፍጠር፣ ሰውን መርዳትና ማስተማር፣ ማሳመንና መምራት፣ ነገሮችን በሥርዓት ማደራጀት። ልጁ ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይምረጥ። ይህ ለወሬ መነሻ የሚሆን መስታወት ነው፤ ዕጣ ፈንታው ተቆረጠ ማለት አይደለም።

3. ከማያውቀው ሰው ጋር መነጋገር ይለማመድ

የዛሬ ልጆች ቀኑን ሙሉ ይጻጻፋሉ። ስልክ ደውሎ ማውራት ግን ብዙዎቹን ያስፈራቸዋል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ አትሳቁበት። መድኃኒቱ በትንሽ በትንሹ መደወል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ወደ አንድ ሱቅ ወይም ቢሮ ደውሎ የሚዘጋበትን ሰዓት ይጠይቅ። በሁለተኛው የራሱን የሐኪም ቀጠሮ ራሱ ይያዝ። በሦስተኛው አንድ ቅሬታ ወይም ለውጥ ያቅርብ፤ ለምሳሌ ቀጠሮ ያዛውር። ከመደወሉ በፊት አራት መስመር ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ ስሜ፣ የደወልኩበት ምክንያት፣ የምፈልገው ነገር፣ ምስጋና። ወረቀቱን ማየት ነውር የለውም። እኔም እስከ ዛሬ ከባድ ስልክ ስደውል ጽፌ ነው።

ኢሜይልም እንዲሁ። በስሙ የተከፈተ አድራሻ ይኑረው። ርዕስ፣ ሰላምታ፣ ጉዳዩ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ስምና ስልክ። ለጓደኛ እንደሚላከው አጭር መልእክት ባይሆን ጥሩ ነው።

4. አጭር፣ ሕጋዊና ደህንነቱ የተጠበቀ ሥራ ይቅመስ

መጀመሪያ ዕድሜውን ተመልከቱ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቁጥር 138 ስምምነት መደበኛውን ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት ያደርገዋል፤ ግዴታው የሆነው ትምህርትም ከዚያ በኋላ የሚያልቅ ከሆነ እሱ ይጠበቃል። ትምህርትን የማያስተጓጉልና ጤናን የማይጎዳ ቀላል ሥራ ከ13 ዓመት ጀምሮ ሊፈቀድ ይችላል። አደገኛ ሥራ ግን ከ18 በታች ላለ ልጅ በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። አገሮች የየራሳቸውን ዝርዝር ሕግ ስለሚያወጡ የምትኖሩበትን አገር ሕግ አንብቡ።

ከዚያ ልምዱን ደረጃ በደረጃ ስጡት። መጀመሪያ አንድ ቀን ሠራተኛን ተከትሎ ማየት። ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሥራ ልምምድ። ከዚያ በረዥም የትምህርት ዕረፍት የሚከፈልበት ሥራ። ትምህርትንና ሥራን አብሮ ማስኬድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ጀርመንን መመልከት ይበቃል። እዚያ የሙያ ሠልጣኝ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ክፍል ገብቶ ይማራል፣ የቀረውን ድርጅት ውስጥ እየሠራ ይሠለጥናል፣ ደመወዝም ያገኛል። ሥልጠናው እንደ ሙያው ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይወስዳል። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ሥራ ቦታ ለእሱ እንግዳ አይደለም።

ትምህርት እየተካሄደ ማታና ቅዳሜ የሚሠራ ከሆነ እንቅልፉን ጠብቁለት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ቶሎ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እስከ እኩለ ሌሊት ሠርቶ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሥራውንም ትምህርቱንም ይጠላል።

ከመጀመሩ በፊት አምስት ነገር ይወቅ፦ አለቃዬ ማን ነው? ሥራዬ በትክክል ምንድን ነው? ሰዓቴ ከስንት እስከ ስንት ነው? ክፍያው ስንት ነው፣ መቼስ ይከፈላል? ማታ እንዴት እመለሳለሁ? አንዱ መልስ ካልተገኘ አይጀምር።

አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በቃሉ ይያዝ። ወጣት ሠራተኞች ከሚጎዱባቸው ምክንያቶች አንዱ «አላውቅም» ማለት ስለሚያፍሩ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ይለማመደው፦ «ይህን መሣሪያ መጠቀም አልተማርኩም፤ እባክዎ መጀመሪያ ያሳዩኝ።» አሳዩኝ ብሎም አደገኛ ሆኖ ከታየው «ይህን አልሠራም» ብሎ ለእናንተ እንዲደውል አስቀድማችሁ ንገሩት። ያን ቀን ከሥራው ቢባረር እንኳ እንደማትቆጡት ይወቅ።

5. የሠራውን ይመዝግብ

አንድ ደብተር ይበቃል። ምን ሠራሁ፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን ውጤት መጣ። ሲቪ የሚወጣው ከዚህ ደብተር ነው። የመጀመሪያ ሲቪ ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ታታሪ ነኝ» የሚል ቃል አያስፈልገውም፤ «ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ 12 ልጆችን ኳስ አለማምጃለሁ» የሚለው ታታሪነቱን ይናገራል። ስለ እሱ ሊመሰክር የሚችል ከዘመድ ውጭ የሆነ ሰው ስም ያስገባ፤ አስቀድሞ ግን ሰውየውን ያስፈቅድ።

6. ሥራውን ይፈልግ

ሥራ በማስታወቂያ ብቻ አይገኝም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጽሑፍ አንድ የሚገርም ነገር አሳየ። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ሰዎች መካከል መረጃውን የሰጣቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው የነገራቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛችን የሚያውቀው እኛም የምናውቀውን ነው። የሩቁ ሰው ግን እኛ የማንደርስበት ቦታ ይውላል።

በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያወራቸው ስድስት ሰዎች አሁን ይመጣሉ። ለእያንዳንዳቸው አጭር መልእክት ይላክ፦ ማን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈልግ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚችል። «ሥራ ስጡኝ» ማለት የለበትም። «ቢሰሙ ይንገሩኝ» ይበቃል።

እዚህ ላይ ከአጭበርባሪ ጠብቁት። ሥራ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ገና ሳያናግረው የመታወቂያና የባንክ መረጃ የሚፈልግ፣ ወይም ከተለመደው እጅግ የበዛ ደመወዝ ለቀላል ሥራ የሚያቀርብ ካለ ነገሩ እዚያው ይብቃ። የዓለም ሥራ ድርጅት ቁጥር 181 ስምምነትም የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች ሠራተኛውን ገንዘብ እንዳያስከፍሉ በመርህ ይከለክላል።

7. ለቃለ መጠይቅ ይዘጋጅ

አራት ታሪክ ብቻ ያዘጋጅ፤ ከደብተሩ። ያስተካከለው ችግር፣ የሠራው ስህተት፣ ከሰው ጋር የተጋጨበት ቀን፣ የሚኮራበት ነገር። እያንዳንዱን በአንድ ሁለት ደቂቃ ይንገር፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ ከእኔ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ ምን ሆነ። ከሚጠየቀው ብዙው በእነዚህ አራት ይመለሳል።

ልምምዱን እናንተ አታድርጉት። በወላጅ ፊት ልጅ ወይ ይስቃል ወይ ይናደዳል። የምትተማመኑበት ሌላ ሰው ይጠይቀው።

8. ገንዘቡን ቀድሞ ይወቅ

የመጀመሪያ ደመወዝ ብዙ ወጣት ያስከፋል። «ይህን ያህል ነው» የተባለው ሌላ፣ እጁ የገባው ሌላ። ያልተጣራና የተጣራ ደመወዝ ምን እንደሚለያቸው ከመቀጠሩ በፊት አስረዱት። ግብርና የጡረታ መዋጮ ለምን እንደሚቆረጥ ይወቅ። ከተቻለ የራሳችሁን የደመወዝ ወረቀት አሳዩት። ብዙ ወላጅ ይህን ይደብቃል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ልጁ የቤቱ ወጪ ከየት እንደሚመጣ ያያል፤ ማክበርም ይጀምራል።

ውል ሳያነብ አይፈርም። የሚያየው ይህን ነው፦ የሥራው መጠሪያ፣ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የሙከራ ጊዜው ርዝመት፣ የዕረፍት ፈቃዱ፣ ሥራ ለመልቀቅ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ። አንድ ቀን ወስዶ ቤት ማንበብ ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ቅጂውን ይያዝ።

የመጀመሪያ ደመወዙን እንዴት እንደሚያደርገው ከመቀበሉ በፊት ይወስን። የተወሰነውን በዚያው ቀን ወደ ቁጠባ ያዛውር፤ ትንሽም ቢሆን። ከቀረው ደስ ያለውን ይግዛበት። የለፋበት ነው።

9. ስህተትን መናገር አስተምሩት

አንድ ወጣት ሠራተኛ ነበረ። የትእዛዝ ቁጥር ላይ አንድ ዜሮ ጨመረ። በዚያው ሰዓት አውቆታል። ግን ፈራ። «ምናልባት ማንም አያየውም» ብሎ ለአራት ቀን ዝም አለ። ዕቃው ተጭኖ መጣ። በመጀመሪያው ሰዓት ቢናገር በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነገር ነበር። ስህተቱ አልነበረም ያናደደን፤ አራቱ ቀን ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ ሲያለቅስ የነገረኝን አልረሳውም። ቤታቸው ውስጥ ጥፋቱን የተናገረ ሁሉ ነበር የሚገረፈው። መደበቅ የተማረው ከዚያ ነው።

ይህን ቤት ውስጥ መለወጥ ትችላላችሁ። ልጁ መጥቶ ጥፋቱን ሲናገር፣ መጀመሪያ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግክ» በሉት፤ ቅጣት ካለም ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ ቢደብቀው ኖሮ ከሚቀጣውም ይነስ። የአነጋገሩን ቅርጽ ደግሞ አስተምሩት፦ ምን ሆነ፣ እስካሁን ምን አደረግኩ፣ ምን እርዳታ እፈልጋለሁ። «ቁጥሩን ተሳስቼ ልኬያለሁ። አቅራቢው ጋር ደውዬ እስከ ማታ እንዲጠብቁን ነግሬያለሁ። የማስተካከያው ደብዳቤ ላይ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል።» እንዲህ የሚናገር ጀማሪ ከሥራ አይባረርም አልልም። ግን እንዲህ ያለውን ሰው ለማቆየት ስንት አለቃ እንደሚታገል አይቻለሁ።

እናንተም የሥራ ስህተታችሁን በምሳ ወይም በእራት ሰዓት ንገሩት። አዋቂ ሰው ተሳስቶ፣ ተናግሮ፣ በማግስቱ ወደ ሥራው ሲሄድ ይይ።

10. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከመጀመሪያው ቀን በፊት መንገዱን በሥራ መግቢያ ሰዓት አንድ ጊዜ ይሂድበት። ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይያዝ። የሰዎችን ስም ይጻፍ። የተነገረውን ደግሞ ይጠይቅ፦ «ልክ እንደገባኝ ላረጋግጥ» ብሎ በራሱ ቃል ይመልሰው። ሥራ ካለቀበት ስልኩን አውጥቶ ከመቀመጥ ይልቅ «ምን ላግዝ?» ይበል።

ማታ ሲመለስ ደክሞት ይመጣል፤ ክፉኛ። ቀኑን ሙሉ ከማያውቀው ሰው ጋር መዋል ያደክማል። በጥያቄ አታጣድፉት። ይብላ፣ ይተኛ። ቅዳሜ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «በዚህ ሳምንት ማን ረዳህ?» መልስ ካለው ሰላም ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎ «ማንም» ካለ ጠጋ ብላችሁ አነጋግሩት። ምናልባት ሰው የሚያዋርዱበት፣ ከሰዓቱ በላይ ያለ ክፍያ የሚያሠሩበት ቦታ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ መልቀቅ ሽንፈት አይደለም፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ጠብቆ፣ በደብዳቤ፣ በሥርዓት ይልቀቅ። ሕይወቱን ወይም ክብሩን የሚነካ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ይውጣ።

ከአለቃው ጋር ቅር ቢሰኝ ራሱ ያነጋግረው። የሚለውን ከእናንተ ጋር ሊለማመድ ይችላል። እናንተ ግን አትደውሉ። የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግባችሁ ከሆነ፣ ለድንገተኛ አደጋ ብቻ ይሁን።